ለላሊበላ የተሳልሁት ጉዞ ቢቀርብኝ ዕዳ ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ጎንደር ነው። ልጄ ከሕመሙ ቢድንልኝ ለልደት ላሊበላን እሳለማለሁ ብዬ ተስዬ ነበር፤ ልጁ ድኗል። ዘንድሮ ግን እናቴ የአልጋ ቁራኛ ሆኑብኝ፤ የሚያስታምምልኝ ሰው የለኝም። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ «በየገዳሙ መንከራተት የጥንት ነገሥታት ያመጡት ልማድ ነው፤ ወንጌል ላይ የለም» አለችኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን ልጅሽን ማረልሽ። ከጎረቤትሽ ቃል ልጀምር።

ጉዞን ነገሥታት አላመጡትም። ጌታችን በ12 ዓመቱ ከእመቤታችንና ከዮሴፍ ጋር ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ወጥቷል፤ ሉቃስ ምዕራፍ 2ን ታንብበው። ለእኛማ ነገሩ ከዚያም ይጠልቃል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለው ጃንደረባ ኢየሩሳሌም ሊሰግድ ሄዶ ሲመለስ ነው፣ በሠረገላው ኢሳይያስን እያነበበ ፊልጶስ አግኝቶ ያጠመቀው። የአገራችን ሰው ክርስቶስን ያወቀው ከተሳላሚነት መልስ፣ መንገድ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህም ወንጌል የሰፋው በእግረኞች ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ፍሬምናጦስ ከአክሱም እስክንድርያ ወርዶ ከቅዱስ አትናቴዎስ ጵጵስና ተቀብሎ ተመለሰ፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ያልነው እርሱን ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ካስተማሯቸው መካከል አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወደ ሸዋ፣ አቡነ ኂሩተ አምላክ ወደ እኛው ጣና፣ ወደ ዳጋ ሄዱ። የተከሉት ገዳም ደግሞ በተራው ሕዝቡን ጠራ። ሊሳለም የመጣ ገበሬ ጾሙን፣ ስግደቱን፣ ጸሎቱን ከመነኮሳቱ አይቶ ወደ ቤቱ ይዞት ይገባ ነበር። ያኔ በየአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ለብዙው ሰው ትምህርት ቤቱ ጉዞው ነበር።

ላሊበላንም ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስደው መንገድ ስለተዘጋ ብቻ የታነጸ አድርገው የሚያወሩ አሉ። እኔ አልቀበለውም፤ መነኮሳቶቻችን ከዚያም በኋላ ኢየሩሳሌም መውረድን አልተዉም፣ ዛሬም በዚያው በኢየሩሳሌም፣ በዴር ሡልጣን ገዳም አሉ። ይልቅ ንጉሡ ቅዱስ ላሊበላ መሄድ ላልቻለው ጎልጎታውንም ዮርዳኖሱንም በአገሩ አቀረበለት። በተማሪነቴ ከጎንደር በእግር ከመጡ ተሳላሚዎች ጋር የደረስሁ ዕለት አንዲት የላስታ እናት ውኃ አሙቀው ወጡና የተሰነጠቀ ተረከዜን አጥበው እግሬን ሳሙት። ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም። በማግስቱ ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ግማሾቹ ከገደሉ አፋፍ፣ ግማሾቹ ከታች ሆነው «ቤዛ ኵሉ» ሲሉ ስሰማ ከዓይኔ የወረደው እንባ ስለ ዜማው ይሁን ስለ እኒያ እናት እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ጎረቤትሽ ግን አንድ ነገር አልሳተችም፤ ጉዞ ከምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ አይደለም፤ እንደ ጥምቀትና እንደ ቁርባን ያለ እርሱ አይዳንም አንልም። ጌታ ለሳምራዊቷ ሴት የነገራት አምልኮ በአንድ ተራራ የታጠረ አለመሆኑን ነው።

አሁን ወደ ስእለትሽ። ስእለት ቀላል ነገር አይደለም፤ ኦሪት ዘዳግም 23 መክፈሉን አታዘግይ ይላል። ነገር ግን ጌታ በማርቆስ ምዕራፍ 7 «ቁርባን ነው»፣ ማለት ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፣ እያሉ ለአባትና ለእናት የሚገባውን የሚነፍጉትን ገሥጿቸዋል። የታመሙ እናትሽን ብቻቸውን ጥለሽ ብትሄጂ ስእለትሽ ከዚያ ተግሣጽ ሥር ይወድቃል። ስለዚህ ዘንድሮ አትሂጂ። ስእለቱ አልተሰረዘም፤ ቆየ እንጂ። ለነፍስ አባትሽ ሄደሽ ንገሪያቸውና እርሳቸው ቀን ይቍረጡልሽ፤ ለራስሽ አንቺ አትፍረጂ። የልደትን ሌሊት በአጥቢያሽ አስቀድሺ፤ እናትሽን የሚጠብቅ ካጣሽ ደግሞ ከአልጋቸው አጠገብ ሆነሽ ውዳሴ ማርያም ድገሚ።

ለጉዞው ያሰናዳሽው ጧፍና ዕጣን ካለ ከሚሄዱት ጎረቤቶችሽ ጋር ላኪው። የእናትሽንና የልጅሽን ስመ ክርስትናም ጽፈሽ ስጫቸው፤ በጸሎት ይታሰባሉ።