ግልገሏ ጉልበቱን ከየት አመጣችው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ ሄጄ በግ ስትወልድ አየሁ። ሌሊት ነው፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ግልገሏ ርጥብ እንደሆነች ተንገዳግዳ ቆማ ጡት ፍለጋ ጀመረች! ገና ምንም ሳትቀምስ ጉልበቱ ከየት መጣ? (እህታችሁ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሆድ ውስጥ እያለች ተቀላቢ ነበረች። በእትብቷ ስኳር ያለማቋረጥ ይገባላታል፤ ኦክስጅኑ ግን ቁጥብ ስለሆነ የልቧ ሴሎች ሳይቀሩ በአብዛኛው የሚሠሩት በስኳርና በላክቴት (ስኳር ሲፈርስ በሚገኝ ንጥረ ነገር) ነው፣ ስብ ብዙም አይነኩም። እትብቱ ሲበጠስ ቀለቡ ቀጥ ይላል። ያኔ ጉበቷ ያጠራቀመውን ስኳር ትበላለች፤ እሱ ግን የመንገድ ስንቅ ነው፣ በሰው ጨቅላ እንኳ 12 ሰዓት ያህል ቢያቆይ ነው። ከዚያ እንገሩ ይደርስላታል። እንገር ስብ አለው፣ በሳንባዋም ኦክስጅን እንደልብ ይገባል፤ ስለዚህ ሴሎቿ ስብ ወደ ማቃጠል ይዞራሉ፣ የሴል ምድጃ የሆኑት ማይቶኮንድሪያዎችም ለዚህ ሥራ ይጎለምሳሉ።

ሙቀቱስ? እኔን የሚገርመኝ እሱ ነው። ኩላሊቷ ዙሪያ ቡናማ ስብ ይዛ ነው የምትወለደው። እዚያ ያሉት ማይቶኮንድሪያዎች ዩሲፒ1 በሚባል ፕሮቲን አማካይነት ስቡን አቃጥለው በቀጥታ ሙቀት ያደርጉታል። አሳማ ይህ ፕሮቲን የለውም፤ ግልገሉ ሲበርደው ከመንቀጥቀጥና ከወንድሞቹ ጋር ከመተቃቀፍ ሌላ ብዙ ምርጫ የለውም።

እናትሽ ግልገሏን በጆንያ አድርቀው ቶሎ ጡት ካስያዟት ደግሞ ያ ቡናማ ስብ ሳያልቅ ይደርሱላታል።