ውሃ የጠማው የሚመስለው ዲፈንባኪያ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ያለ አንድ ሜትር ገደማ የሆነ ዲፈንባኪያ የሚባል ባለ ሰፊ ቅጠል የቤት ውስጥ ተክል ሐምሌ ከገባ ወዲህ የታች ቅጠሎቹ ይቢጫሉ፣ ውሃ ቢጠጣም እንደተዝለፈለፈ ይውላል፣ ከአፈሩም ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ይነሳሉ። በየሦስት ቀኑ ይጠጣል። ሰኔ ላይ ችግኝ ሻጩ ወደ ትልቅ ፖት አዛውሮ ከታች ጠጠር ደልድሎበታል፣ ዩሪያም በትኖበታል። ቤቱ ውስጥ የሁለት ዓመት ልጅ አለ።

ሥሩ በስብሷል። ዝንቦቹና ከውሃ በኋላም ቀና የማይለው ቅጠል አንድ ላይ ሲመጡ ሌላ ነገር አልጠረጥርም። መድኃኒት አይርጩ፣ ውሃም አይጨምሩ።

አስቀድመው ጓንት ያድርጉ፣ ልጁንም ከክፍሉ ያውጡ። የዲፈንባኪያ ፈሳሽ ውስጥ ሹል የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች አሉ፤ አፍ ከገባ ምላስና ጉሮሮን ያቃጥላል፣ ያሳብጣል፤ ዓይንንም ክፉኛ ይጎዳል። በሚሠሩበት እጅ ፊትዎን አይንኩ።

ፖቱን አጋድመው ተክሉን ከነአፈሩ ይሳቡ። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ቡናማ ነው፤ ሲስቡት ልጣጩ ይወልቅና ቀጭን ጅማት ብቻ እጅዎ ላይ ይቀራል። ጭቃውን ለብ ባለ ውሃ አጥበው፣ በአልኮል በተጠረገ መቀስ የላላውን ሁሉ ጤነኛው እስኪደርስ ይቁረጡ። ሥሩ በግማሽ ካለቀ የታች ቅጠሎችን ሁለት ሦስቱን ያንሱ፤ የተረፈው ሥር ሁሉንም ማጠጣት አይችልም።

ጠጠሩ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ተክል የሚገድል ልማድ ነው። ውሃው ወደ ጠጠሩ ይወርዳል ተብሎ ይታሰባል። ቶሎ አይወርድም። ደቃቅ አፈር በጠባብ ክፍተቶቹ ውሃ ይዞ ያስቀራል፤ የጠጠሩ ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ያን ውሃ ስቦ ሊወስድ አይችልም። ስለዚህ ከላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ ድረስ ውሃው ድንበሩ ላይ ይቆማል። በየትኛውም ፖት ግርጌ ውሃ የጠገበ ንብርብር አለ፤ ውፍረቱን የሚወስነው የአፈሩ ዓይነት እንጂ የፖቱ ጥልቀት አይደለም። ጠጠር ሲጨምሩ ያን ንብርብር ወደ ሥሩ ከፍ አደረጉት እንጂ አላጠፉትም። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ነክረው በአግድም ይያዙ፤ መንጠባጠቡን ሲያቆም በቁሙ ያዙሩት። እንደገና ይንጠባጠባል፣ የታችኛው ጠርዙ ግን እንደረጠበ ይቀራል። አፈርም እንዲሁ ነው። ሥር ደግሞ አየር ይፈልጋል፤ ኦክስጅን ሲያጣ ይሞታል፣ የሞተ ሥር ውሃ አይስብም፣ ቅጠሉ ይዝለፈለፋል፣ ባለቤቱም ጠምቶት ነው ብሎ ያጠጣዋል።

ጠጠሩን ይጣሉት። ገበያውን የሞላው ስስ ፕላስቲክ ፖት ከታች የቀዳዳ ምልክት ብቻ ነው ያለው፤ ሳይበሳ መሸጥ አልነበረበትም። ጣውላ ከሥር አድርገው በባለ 8 ሚሊ ሜትር ፑንታ፣ ድሪሉን ቀስ እያሉ፣ አምስት ቦታ ይብሱት። ፖቱ ከተረፈው ሥር በየጎኑ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይስፋ፤ ትርፍ አፈር ትርፍ እርጥበት ነው።

ሻጩ የሞላው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለቤት ውስጥ ፖት አይሆንም። ሁለት እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ ሁለት እጅ ቀይ አሽ (ቀዳዳ የበዛበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር)፣ አንድ እጅ ቀይ አፈር ያዋህዱ። አሹን በወንፊት ነፍተው ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ያለውን ይውሰዱ፣ አቧራውንም ይጠቡ። ዩሪያ በተጎዳ ሥር ላይ መበተን ማቃጠል ነው፤ ለሁለት ወር ምንም ማዳበሪያ አይስጡ።

ሲተክሉ አንዴ አጠጥተው ይተዉት። ከዚያ በኋላ ቀን አይቁጠሩ፤ ጣትዎን 4 ሴንቲ ሜትር አስገብተው ሲደርቅ ብቻ፣ ከታች እስኪወጣ ያጠጡ፤ ሳህኑ ላይ የቀረውን ከ15 ደቂቃ በኋላ ይድፉ። ዝንቦቹ የላይኛው አፈር መድረቅ ሲጀምር ይቀንሳሉ። ዲፈንባኪያ ከ15 ዲግሪ በታች ይጎዳል፤ የክረምት ሌሊት ከመስኮት መስታወት ያርቁት፣ ቀጥተኛ ፀሐይ የማይመታው ብርሃናማ ቦታም ይምረጡለት።

ግንዱ ከታች ሲጫኑት ከሰመጠ ሥሩን ለማዳን አይድከሙ። ከጤነኛው ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው፣ ቁስሉ ግማሽ ቀን ደርቆ፣ በዚያው ድብልቅ ይትከሉት። የተረፈውንም ጤነኛ ግንድ ሁለት ሁለት አንጓ እያደረጉ ቆርጠው በአግድም በከፊል ቢቀብሩት ያቆጠቁጣል።

እዚህ ላይ ፈሳሹ ይበዛልና ጓንቱን ደግሜ አሳስባለሁ። ቁርጥራጩን ወዲያው በፌስታል አስረው ይጣሉ፣ መቀሱን ይጠቡ፣ ፖቱንም ልጁ የማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡት። ልጁ ካኘከው አፉን በውሃ ጠርገው ወተት ወይም ውሃ ጥቂት ያጠጡት፤ እንዲያስታውክ አያድርጉ። ምላሱ ካበጠ ወይም መተንፈስ ከከበደው ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።