የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ያልኮመጠጠው የፖም ኮምጣጤ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የጓሯችን የፖም ዛፍ ዘንድሮ እጅግ ስላፈራ፣ 1 ኪሎ ያህሉን ከነልጣጩ ቆራርጬ ከ2 ሊትር ውኃ ጋር በመስታወት ዕቃ ከተትኩና ክዳኑን አጥብቄ ዘጋሁት፤ አልፎ አልፎ ብቻ አስተነፍሰዋለሁ። ዛሬ 40 ቀን ሞላው፤ ሽታው እንደ ቀጠነ ጠላ ነው እንጂ ኮምጣጤ አይመስልም፤ በላዩም ነጭ ነገር ወጥቶበታል። ልድፋው ወይስ ልጠብቀው?

መልስ፦ አይድፉት፤ ነገር ግን እንዲሁ እንደተዘጋ ዓመት ቢጠብቁትም ኮምጣጤ አይሆንም። ጠላ ጠምቀው የሚያውቁ ከሆነ የነገሩን እኩሌታ ያውቁታል። ጥንስሱ ሲፈላ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል፤ ያው ጠላ በጎደለ ጋን ውስጥ አፉ ተከፍቶ ሲሰነብት የሚኮመጥጠው ግን ሌላ ሕያው ነገር፣ ይኸውም ባክቴሪያ፣ አየር እየሳበ አልኮሉን ወደ አሲድ ስለሚለውጠው ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ይህ የሕያዋን ሥራ መሆኑን በ1864 እ.ኤ.አ. አስረድቷል፤ የእኛ እናቶች ደግሞ ጋኑን ሞልተው አፉን በጭቃ የሚመርጉት ይህንኑ ለማስቀረት ነው። እርስዎም ክዳኑን አጥብቀው በመዝጋትዎ ለጠላ የሚገባውን አደረጉ እንጂ ለኮምጣጤ የሚገባውን አላደረጉም።

ሁለተኛው ጉድለት የውኃው ብዛት ነው። በ1 ኪሎ ፖም ውስጥ ያለው ስኳር ከ100 እስከ 120 ግራም ቢሆን ነው፤ በ2 ሊትር ውኃ ሲቀጥን የሚያስገኘው አልኮል ከመቶ 2 እጅ ብዙም አያልፍም፤ አሲዱም ከአልኮሉ መጠን ብዙ ስለማይርቅ፣ ከመቶ ከ4 እስከ 5 እጅ አሲድ ካለበት ደህና ኮምጣጤ እጅግ ያንሳል። ስለዚህ ውኃ የሚጨምር ሰው ለእያንዳንዱ ሊትር 100 ግራም ያህል ስኳር፣ ወይም ማር ከሆነ ትንሽ አብልጦ፣ መጨመር ይኖርበታል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን እርሾውን ስለሚያዳክም አፍልቶ ማቀዝቀዝ ይበጃል።

ሦስተኛው ጉድለት የእርስዎ ሳይሆን የአገሩ ብርድ ነው። እርሾው ከ18 እስከ 25 ዲግሪ፣ አኮምጣጩ ባክቴሪያ ደግሞ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ይወዳሉ፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ በሚወርድበት ጓዳ፣ ሌላ ቦታ ሁለት ወር የሚፈጀው ሥራ አራት ወር ቢፈጅ አያስገርምም።

አሁን ፍሬውን በንጹሕ ሻሽ ያጥልሉና 200 ግራም ስኳር በፈሳሹ ውስጥ ያሟሙ፤ ክዳኑን አላልተው ወጥ በሚሠራበት ክፍል፣ ከእሳቱ ራቅ አድርገው ያስቀምጡት። ጆሮዎን አስጠግተው ሲያዳምጡ የነበረው ስስ የአረፋ ድምፅ ጸጥ ሲልና ጣፋጭነቱ ሲጠፋ የመጀመሪያው ሥራ አብቅቷል። ከዚያ ከአተላው ለይተው አፈ ሰፊ ወደሆነ የመስታወት ወይም የሸክላ ዕቃ ያዛውሩት፤ እስከ አፉ አይሙሉት፤ አፉንም አየር በሚያስገባ፣ ትንኝ ግን በማያሳልፍ ድርብ ሻሽ ይሰሩት። ጎረቤት እሳት ላይ ያልፈላና ያልተጣራ የቤት ኮምጣጤ ካለው የፈሳሹን ሩብ ያህል ለእርሾ ይጨምሩበት። ከሱቅ የሚገዛው ጥርት ያለ ነጭ ኮምጣጤ ሕያው ነገር ስለሌለበት ለዚህ አይሆንም። የኮመጠጠ ጠላ ይሠራል፤ የጌሾውን ምሬት ግን እኔ በፖም ላይ አልወደውም።

ስለ ነጩ ነገር፦ ደረቅና የተሸበሸበ ስስ ሽፋን ከሆነ አየር ወዳድ እርሾ ነውና ገፈው ይጣሉት። ኋላ ሲኮመጥጥ የሚመጣው እንደ ስልባቦት ለስላሳ፣ በጣት ሲነካ የሚያሟልጭ ሽፋን ግን የባክቴሪያዎቹ ቤት ስለሆነ አይንኩት።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ነው ያለሁት። የበሰለ ማንጎና ፓፓያ እንዳይባክን ብዬ በአሉሚኒየም ድስት ዘፈዘፍኩ፤ በሳምንቱ አረንጓዴና ጥቁር ፀጉራም ሻጋታ አበቀለ። ገፍፌ ልጠቀምበት?

መልስ፦ አይሆንም፤ ሙሉውን ይድፉት። ፀጉራም ሻጋታ መርዙን ወደ ፈሳሹ ሊያሳልፍ ይችላል። አሉሚኒየሙንም አሲድ ስለሚበላው ለዚህ ሥራ አይጠቀሙበት። የሻጋታው መነሻ ከፈሳሹ በላይ ተንሳፎ የቀረው የፍሬው ሥጋ ነው፤ በየቀኑ ሁለት ጊዜ በንጹሕ እንጨት አማስለው ቢያሰጥሙት፣ የተበላሸውንም ቆርጠው ቢያስወግዱ ኖሮ አይሻግትም ነበር። በእናንተ ዘንድ ሙቀት ሞልቷል፤ ዕቃው ጥላ ውስጥ ይሁን እንጂ ሌላ ዘዴ አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና ነኝ። የሠራሁት ኮምጣጤ በደንብ ኮምጥጧል። ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ላቆይበት፣ ለውፍረትም በባዶ ሆድ ልጠጣው አስቤአለሁ።

መልስ፦ ለጾም ሰላጣ፣ ለቀይ ሥርና ለድንች፣ በሎሚ ፈንታም ለአዚፋ ይጠቀሙበት፤ የፍሬው መዓዛ ከሱቁ ይበልጣል። አትክልት ለወራት ከፍሪጅ ውጭ ለማቆየት ግን አሲዱ የተለካ፣ በጠርሙሱ ላይ ከመቶ 5 እጅ ተብሎ የተጻፈበትን ይግዙ፤ ምላስ ይህን መለካት አይችልም፣ በደካማ አሲድ ውስጥ የተዘጋ ነጭ ሽንኩርትም ለሕይወት የሚያሰጋ መርዝ ሊያበቅል ይችላል። ስለ መጠጣቱ፣ ክብደት ይቀንሳል የሚባለው ከወሬው ያነሰ ነው፤ ሳይበረዝ ሲጠጣ ጥርስን ይሸረሽራል፣ ጉሮሮንም ያቃጥላል። የጨጓራ ሕመም ካለብዎ ይተዉት፤ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። መኮምጠጡን ካረጋገጡ በኋላ አጥልለው በትናንሽ ጠርሙሶች እስከ አንገታቸው ሞልተው ይክደኑት። በጎደለ ጠርሙስ ከቆየ እነዚያው ባክቴሪያዎች አልኮሉ ሲያልቅባቸው ራሱን አሲዱን ይበሉትና ኮምጣጤው ተመልሶ ውኃ ውኃ ይላል።