እናትህ «የዜግነት ማስረጃ አላቀረቡም» ስለተባሉበት ደብዳቤ

ወንድሜ፣ «እናቴ ዜግነት ካገኘች ወራት ሆኗታል፤ አሪዞና ውስጥ ለምርጫ ስትመዘገብ ግን የዜግነት ማስረጃ አላቀረብሽም የሚል ደብዳቤ ደረሳት፤ መንጃ ፈቃድ እያላት ምን ጎደለ?» ብለህ ጠይቀሃል። ያው ደብዳቤ ለእኔም ደርሶኝ ስለነበር ያለፍኩበትን ልንገርህ።

የጎደለው ዜግነቱ አይደለም፣ መንጃ ፈቃዱ ነው። አሪዞና እ.ኤ.አ. በ2004 በሕዝብ ድምፅ ባጸደቀችው ሕግ የሚመዘገብ ሰው ዜግነቱን በሰነድ ማሳየት አለበት። ለብዙ ሰው ከኦክቶበር 1996 ወዲህ የወጣ የአሪዞና መንጃ ፈቃድ ቁጥር ይበቃል። በግሪን ካርድ የወጣ ከሆነ ግን መዝገቡ ላይ የውጭ ዜጋ የሚል ምልክት አለበት፤ ቃለ መሐላ ስለፈጸምን ብቻ ምልክቱ በራሱ አይጠፋም። «ኮከብ ስላለበት ይበቃል» የሚላችሁን አትስሙ። ኮከቡ የሪል አይዲ (የፌዴራልን መስፈርት የሚያሟላ መታወቂያ) ምልክት ነው፤ ያንን ግሪን ካርድ የያዘም ሰው ያወጣል።

እኔ ደብዳቤውን ችላ ብዬ ተቀመጥኩ። የምርጫው ቀን የተሰጠኝ ወረቀት ላይ የፌዴራል ተመራጮች ብቻ ነበሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 በሰጠው ውሳኔ ምክንያት፣ በፌዴራሉ መንግሥት የመራጮች መመዝገቢያ ቅጽ የተመዘገበ ሰው ማስረጃ ባያቀርብም ለፕሬዚዳንትና ለኮንግረስ ይመርጣል፤ ለአገረ ገዢ፣ ለከተማ፣ ለትምህርት ቤት ቦርድ ግን አይችልም። እኔ ደግሞ በዚያ ዓመት ከሁሉ በላይ የፈለግሁት የልጆቼን ትምህርት ቤት ቦርድ መምረጥ ነበር። በጣም አዘንኩ።

በማግስቱ የዜግነት ሰርተፍኬቴን ይዤ ወደ መራጮች ምዝገባ ቢሮ ሄድኩ። ኮፒ ማድረግ ያስቀጣል የሚለው ጽሑፍ አስፈርቶኝ ኦሪጅናሉን ነው የያዝኩት። ሠራተኛዋ ከቅጹ ጎን ዘርግታ ስሜን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ቅጹ ላይ እንደ መንጃ ፈቃዴ «ወልደማርያም» ብዬ ገጥሜ ጽፌያለሁ፤ ሰርተፍኬቱ ላይ ግን «ወልደ» የመካከለኛ ስም፣ «ማርያም» የቤተሰብ ስም ሆኗል። የአንድ ሰው፣ የአባቴ ስም እንደሆነ፣ እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እንደሌለ አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝና በሰርተፍኬቱ አጻጻፍ እንደገና አስሞላችኝ። ስለዚህ የእናትህን ስም ፊደል በፊደል አስተያይ። እኛን የሚጥለን ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

አሁን ቶሎ የሚሆነው፣ ቅጹ ላይ የሰርተፍኬቱን ቁጥር (ከላይ በስተቀኝ በቀይ ያለውን) ወይም የኤሊየን ቁጥራቸውን (የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥራቸውን) መሙላት ነው፤ ቢሮው ያጣራዋል። የአሜሪካ ፓስፖርት ካላቸው የፎቶው ገጽ ኮፒ ይበቃል። ምዝገባው ከምርጫው 29 ቀን በፊት ስለሚዘጋ አትዘግዩ።

ከዚያ በኋላ ግን መንጃ ፈቃዱን ይለውጡ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮም ዜግነታቸውን ያስመዝግቡ። ቴክሳስ በ2019 መጀመሪያ ወደ 95,000 መራጮችን «ዜጋ ላይሆኑ ይችላሉ» ብላ ስማቸውን በዝርዝር ይዛ ነበር። ያየችው ድሮ መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ያቀረቡትን ወረቀት ነበር፤ ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ዜግነት ያገኙ እንደኛ ያሉ ሰዎች ናቸው። ተከስሳ ዝርዝሩን ተወችው፤ ግን ስንቱ ሰው ደንግጧል። አሮጌ መዝገብ ተትቶ ሲቀመጥ እንዲህ ያደርጋል።

ቤታችሁ ገና ግሪን ካርድ ላይ ያለ ሰው ካለ ደግሞ እባክህ አደራ፣ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ «ለምርጫ ልመዝግብህ?» ሲሉት እሺ እንዳይል። እንግሊዝኛው ሳይገባው ዜጋ ነኝ ብሎ ቢፈርም እስከ መባረር ያደርሰዋል።

ፓስፖርት ገና ካላወጡ፣ ለማመልከቻው ኦሪጅናል ሰርተፍኬቱ በፖስታ ይሄዳል፤ ተመልሶ እስኪመጣም ጊዜ ይወስዳል። ከመላኩ በፊት የሰርተፍኬቱንም የኤሊየኑንም ቁጥር ጽፈህ አስቀምጥላቸው።