ኢርፎኑን ባወልቀውም ድምጿ አይወጣልኝም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ ቴሲሴ በትዳር ውስጥ ጥቃት በደረሰባቸው ሴቶች ላይ ነው። 18 ኢንተርቪው ጨርሼ አሁን ትራንስክራይብ እያደረግኩ (ቅጂውን እየሰማሁ ወደ ጽሑፍ እየገለበጥኩ) ነው። አንዷ ባሏ ጀበናውን እንዴት እንዳነሳባት ስትነግረኝ ውጪ ባጃጅ አለፈና ድምጿን ዋጠው፣ ያቺን 10 ሰከንድ ለመስማት ስንቴ ወደኋላ እንደመለስኩት አላውቅም። ከዛ ወዲህ እማዬ ቡና ልታፈላ ስትል ሰበብ ፈልጌ ከቤት እወጣለሁ፣ እንቅልፍም የለኝም። ለአድቫይዘሬ ስነግረው «ሪሰርቸር ጠንካራ መሆን አለበት» ብሎ ዘጋኝ። የተጎዱት እነሱ ናቸው፣ እኔ ምንም አልደረሰብኝም እኮ! ርዕስ ልቀይር ይላሉ?
ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ «ምንም አልደረሰብኝም» ያልሽው ላይ አልስማማም። ኢንተርቪው ላይ ሴትየዋ የምትነግርሽ አንዴ ነው፣ ስታለቅስ ዝም ትያለሽ፣ ውሃ ታቀብያለሽ፣ ብቻ የሆነ ነገር ታደርጊያለሽ። ትራንስክራይብ ላይ ግን ብቻሽን ነሽ፣ ምንም ልታደርጊላት አትችይም፣ ያንኑ ለቅሶ እየመለስሽ ሰምተሽ በቅንፍ (ታለቅሳለች) ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ ከዛ ደግሞ እንግሊዝኛው ላይ ለህመሟ ቃል ስትፈልጊ ታመሻለሽ። የአንድ ሰዓት ኦዲዮ አምስት ስድስት ሰዓት ይበላል፣ በ18 አባዢው። (እኔም በተማሪነቴ በገጽ እየተከፈለኝ የሰው ኦዲዮ እገለብጥ ነበር፣ ብሩን ትቼ የሸሸሁት ፋይል አለ።)

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች የምርመራ መመሪያ ራሱ በስራው ምክንያት የሰው መከራ ዝርዝር ደጋግሞ የሚሰማ ሰው ለፒቲኤስዲ (ከከባድ መከራ በኋላ ለሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት ሕመም) ሊጋለጥ እንደሚችል አስገብቶታል። አለብሽ እያልኩ አይደለም፣ እሱን በደብዳቤ ማንም አያውቅም።

አድቫይዘርሽን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 በዚሁ ዓይነት ጥናት ላይ ያወጣው የኤቲክስ መመሪያ የጥናት ቡድኑ ልዩ ስልጠናና ቀጣይ ድጋፍ ያግኝ ይላል፣ ፕሪንት አድርገሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪለት። የቡታጅራውን ጥናት መቼም ሊትሬቸር ሪቪውሽ ላይ ሳታስገቢው አልቀረሽም፣ 71 ከመቶ የሚሆኑት ሴቶች ከባል ወይም ከፍቅር ጓደኛ ጥቃት ደርሶባቸዋል የሚለው ቁጥር የመጣበትን። እዛ ጠያቂ የነበሩት ሴቶች ከመሰማራታቸው በፊት የሦስት ሳምንት ስልጠና ነበራቸው። አንቺ ስንት ቀን ሰለጠንሽ?

ርዕሱን አትቀይሪ፣ አሰራርሽን ቀይሪ። ማታ ኦዲዮ አትንኪ፣ ጠዋት ቤት ሰው እያለ ስሪው፣ ከባዱን ከቀላሉ እያፈራረቅሽ፣ በቀን ከአንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት አይለፍ፣ ዴድላይ ቢገፋም ይግፋ። ሳምንት በሳምንት ከአንድ የክፍል ጓደኛሽ ጋ ቁጭ በይና የሴቶቹን ስምና ታሪክ ሳይሆን አንቺን ምን እንዳደረገሽ አውሪ፣ ሚስጥር ትጠብቂያለሽ ብለው የሰጡሽ ኮንሰንት (ፈቃድ) አይፈርስም። ለእማዬም «ስራው ከብዶኝ ነው ቡናውን የሸሸሁት» በያት፣ እናት ናት፣ ዝም ስትያት የባሰ ነው የምታስበው። እንቅልፉ በሁለት ሳምንት ካልተመለሰ ወይ ምስሉ ቀን ቀንም ከመጣብሽ ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና ክፍል ሂጂ፣ አትፈሪ።

ያቺን 10 ሰከንድ ግን ዛሬውኑ በቅንፍ (አይሰማም) ብለሽ እለፊያት፣ ማንም ኤግዛሚነር በሷ ማርክ አይቀንስብሽም።