ዊልክ ሲሉሽ የትኛውን ማለታቸው ነው?

አንዲት እህታችን ብሪታንያ ውስጥ የባሕር ምግብ ቤት ኩሽና ጀምራለች። ስኮትላንዳዊው ሼፍ «ዊልክ አምጪ» ሲላት ትልቁን የባሕር ቀንድ አውጣ ወሰደችለት። እሱ የፈለገው ግን ትንሿን ጥቁር ነበር። «ትክክለኛው የቱ ነው?» ብላ ጠይቃለች።

እህቴ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። እኔ ደቡብ እንግሊዝ ባሕር ዳርቻ ኩሽና ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ። እዚህ ዊልክ የሚባለው እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው ትልቁ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ግን ብዙ ሰው ዊልክ የሚለው እንግሊዞች ዊንክል የሚሏትን፣ በስፒል እየተጎተተች የምትበላዋን ነው። ካሪቢያን ደግሞ በዚሁ ስም ሌላ ዓይነት ያቀርቡልሻል። የእኛን ትልቁን ፈረንሳዮች ቡሎ ይሉታል፤ ኖርማንዲ ውስጥ የግራንቪል ቡሎ ዝነኛ ነው።

ኩሽና ውስጥ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ዊንክል በጨው ውኃ ጥቂት ደቂቃ ይበቃታል። ትልቁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈልጋል፤ እኔ ቁንዶ በርበሬና ቤይ ሊፍ እጨምርበታለሁ። ከዚያ ወዲያ ካቆየሽው እንደ ጎማ ይሆናል። ሲበስል በሹካ ወግተሽ፣ ዛጎሉን እያዞርሽ ቀስ ብለሽ ሳቢው። አፉ ላይ ያለውን ቡናማ ክዳን ንቀይ። መጨረሻ ላይ ተጠምዝዞ የሚወጣውን ጥቁርና ለስላሳ ክፍል ቆርጠሽ ጣይው።

ዋናው ጭንቀቴ ግን ቀዩ ዊልክ ነው። የምራቅ ዕጢው ውስጥ ቴትራሚን የሚባል መርዝ አለ። ቢቀቀልም አይጠፋም። የበላው ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ዓይኑ ይደበዝዛል። ተራው ዊልክ ዛጎሉ ሞገድ የመሰለ ሸንተረር አለው፤ የቀዩ ለስለስ ይላል። ከተጠራጠርሽ ለብቻ አስቀምጪና ለሼፉ አሳዪ። ቀዩ ከሆነና ለማብሰል ከተወሰነ፣ ሥጋው ለሁለት ተሰንጥቆ ፈዛዛ ቢጫ የሆኑት ሁለት ዕጢዎች ሙሉ በሙሉ መውጣት አለባቸው። ይሄን የሚያውቅ ሰው ያሳይሽ፤ ለብቻሽ አትሞክሪው።

ለትእዛዙ ደግሞ የላቲን ስሙን ተጠቀሚ፤ መለያው ላይ ይጻፋል። ትልቁ ቡኪኑም ኡንዳቱም፣ ትንሿ ሊቶሪና ሊቶሪያ፣ ቀዩ ኔፕቱኒያ አንቲኳ ነው። ሦስቱን ጽፈሽ ፍሪጁ በር ላይ ለጥፊ፤ ሼፉም ደስ ይለዋል።