እንገሩ ለጎረቤት ሲተርፍ

ከቡሬ አካባቢ የደረሰን ጥያቄ፦ «ሁለት የተዳቀሉ ላሞች አሉኝ። ጥጃዎቹ በጤና ይወለዳሉ፤ ሳምንት ሳይሞላቸው ግን ነጭ ተቅማጥ እየያዘ ይገድላቸዋል። ላሞቹ ደህና ናቸው፤ እንገሩ እንኳ ለጎረቤት ተርፏል። የትኛውን መድኃኒት ልግዛ?»

ጤና ይስጥልኝ፣ ወንድሜ። መድኃኒቱን ለጊዜው ይተዉት። እኔን ያሳሰበኝ «እንገሩ ለጎረቤት ተርፏል» ያሉት ነው። ጥጃዎቹ በጊዜ አልጠገቡትም ብዬ እገምታለሁ። የእንግዴ ልጁ እስኪወርድ ይከለክሏቸው ይሆን? ይህን ልማድ በየቀበሌው አየዋለሁ፤ እባካችሁ እንተወው። ስንት ጥጃ ፈጀብን!

ጥጃ ሲወለድ ደሙ ውስጥ አንቲቦዲ፣ ማለትም በሽታ ተከላካይ ፕሮቲን፣ የለውም ማለት ይቻላል። በማህፀን ሳለ ከእናቱ አይተላለፍለትም። አንቲቦዲ የሚሠሩት የራሱ ቢ ሴሎች አሉት፤ ግን ጊዜ ይፈልጋሉ። በሴሉ ውስጥ ጂኖችን እንደ አምፖል የሚያበሩና የሚያጠፉ ፕሮቲኖች አሉ። ፓክስ 5 የተባለው ሴሉን በቢ ሴልነቱ ያቆየዋል። ጀርም ሲገባ ብሊምፕ 1 የተባለው ይነሣና ፓክስ 5ን አጥፍቶ ሴሉን አንቲቦዲ አምራች ያደርገዋል። ይህ ቀናት ይፈጃል፤ የሚበቃ አንቲቦዲ እስኪጠራቀም ደግሞ ሳምንታት። ተቅማጡ ያን ያህል አይታገሥም።

እስከዚያ የሚያቆየው የእናቱ እንገር ነው። የጥጃው አንጀት አንቲቦዲውን ወደ ደም የሚያሳልፈው ግን በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፤ ያውም በየሰዓቱ እየቀነሰ።

ስለዚህ የላሟን ጡት ለብ ባለ ውሃ አጥበው፣ ጥጃው በተወለደ በ2 ሰዓት ውስጥ ያስጠቡት። መቆም ካቃተው አልበው በጡጦ ይስጡት፤ በግድ አይጋቱት፣ ወደ ሳንባው ይገባል። 30 ኪሎ ለሚሆን ጥጃ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት 3 ሊትር ያህል ይድረሰው። ግማሽ ቀን ሳያልፍ 2 ሊትር ይድገሙት። እንገሩን አያፍሉት፣ ውሃም አይጨምሩበት። ቤተሰቡ እሱ ከጠገበ በኋላ ይብላ። የእንግዴ ልጁም አያስጨንቅዎ፤ መጥባቱ እንዲወርድ ያግዛል። በ24 ሰዓት ካልወረደ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ፤ ራስዎ አይጎትቱት።

እትብቱን አዮዲን ይቀቡት፤ መኝታውም ደረቅ ይሁን፣ በክረምት በተለይ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ካስቀመጠው ወተቱን ሳያቋርጡ፣ በመሀል በውሃ የተበጠበጠ ኦአርኤስ እየሰጡ ወደ ክሊኒክ ይውሰዱት።